የጎዳና ውሾችን በአደራ ስለማሳደግና ስለመስጠት፦ ከአንድ ክረምት የተገኘ ትምህርት

በዲፓርትመንታችን ስለ ትናንሽ እንስሳት የምንማረው ጥቂት ነው። በሬው፣ ላሟ፣ በጉና ዶሮው ሰፊውን ጊዜ ይወስዳሉ፤ አገራችን የከብት አገር ስለሆነች ይህ አይገርምም። ውሻ የሚነሳው በአብዛኛው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ስንማር ነው። ማለትም ውሻ ወደ ክፍላችን የሚገባው እንደ ታካሚ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነው። እኔም እስከ 2015 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ከዚህ የተለየ አስተያየት አልነበረኝም። በዚያ ክረምት ለእረፍት አዲስ አበባ አክስቴ ቤት በሄድኩበት ጊዜ አራት ቡችሎች እጄ ላይ ወደቁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ያየሁትን፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ ለጓደኞቼ ማካፈል ነው።

አክስቴ የምትኖረው ኮልፌ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው ውጭ ለቧንቧ ተብሎ የተቆፈረ ቦይ ሳይደፈን ክረምቱ ገባበት። አንድ ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ላይ ጡቷ የተንዘረጋ ውሻ አስፋልቱ ዳር መኪና ገጭቷት ሞታ አየን። ቀድሞ የገባቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። “እናት ናት፣ ልጆቿ ቦዩ ውስጥ ናቸው” አሉ። እውነትም ውሃው ግማሽ ድረስ ሞልቶ አራት ቡችሎች አንድ የተጨማደደ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ልጆቹ መሰላል አምጥተው አወጧቸው፤ ካወጧቸው በኋላ ግን ሁሉም ዞር ብሎ እኔን አየኝ። “አንቺ የእንስሳት ሐኪም ነሽ አይደል?” አለኝ አንዱ። ተማሪ ነኝ ለማለት ጊዜ አልነበረኝም።

ለአክስቴ “እትዬ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ” አልኳት። እሷም “ሰው በተራበበት አገር ውሻ ልታበይልኝ ነው?” ብላ ገባች። ይህን ጥያቄ ኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ግን ከማገዶ ቤቱ ጥግ አንድ ካርቶን አስቀመጥኩ።

ያደረግኩት የመጀመሪያው ነገር ስህተት ነበር፤ አጠብኳቸው። ጭቃ ለብሰው ስለነበር ማጠብ ደግነት መስሎኝ ነው። ነገር ግን የዚህ ዕድሜ ቡችላ የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መቆጣጠር አይችልም፤ የበረደውን ቡችላ በመጀመሪያ ማድረቅና ማሞቅ፣ ከዚያ ለብ ያለ ነገር ማጠጣት፣ ከዚያ ማብላት ነው ቅደም ተከተሉ። የበረደው አንጀት ምግብ አይፈጭም። ጭቃው ሦስት ቀን ቢቆይ ምንም አይሆንም ነበር። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥ ማንም ቤት የሚቻል ነገር ነው፤ እኔ ይህን ያሰብኩት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ዕድሜያቸውን ያወቅሁት በጥርሳቸው ነው። የቡችላ የወተት ጥርስ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ብቅ ይላል፤ በስድስትና በስምንት ሳምንት መካከል 28ቱም ይሟላሉ። የእኔዎቹ ከኋላ የሚቀራቸው ነበር፤ ስለዚህ ስድስት ሳምንት ገደማ ብዬ ገመትኩ። ይህ ዕድሜ በሁለት ምክንያት ወሳኝ ነው። አንደኛ፣ ከእናታቸው ወተት ያገኙት የመከላከል አቅም እየቀነሰ የሚሄድበት ወቅት ነው። ሁለተኛ፣ ጆን ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ቡችላ ሰውን መፍራትን ወይም መቅረብን የሚማርበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ሰው በእርጋታ ያልነካው ቡችላ ካደገ በኋላ ማላመድ ይቻላል፤ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። በድንጋይ እየተባረረ ያደገ ውሻ ለምን እንደሚናከስ ከፊሉ መልስ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ። በውጭ አገር ከጎዳና ወይም ከአደጋ የተረፈ እንስሳ ሁለት ዓይነት ቤት ያገኛል። አንዱ ጊዜያዊ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይቀበለዋል፣ ያክመዋል፣ ያላምደዋል፣ ከዚያ ላስረከበው ድርጅት ይመልሳል ወይም ለዘለቄታው ለሚወስደው ያስረክባል። ሁለተኛው ዘላቂው ነው። በአማርኛ ለዘላቂው “ጉዲፈቻ” የሚል ቃል አለን። ከኦሮምኛ የመጣ፣ ማሳደግ ከሚለው የተገኘ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ለሰው ልጅ የተሰጠውን ቃል ለውሻ ማዋል ብዙ ሰው ይከብደዋል፤ እኔም ይከብደኛል፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ “መስጠት” እና “መውሰድ” እላለሁ። ለጊዜያዊው ግን ከእኛው ቤት የተሻለ ቃል አለ ብዬ አላምንም፦ አደራ። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የእሱ አይደለም፤ ቢጠፋ ግን ተጠያቂው እሱ ነው። ልዩነቱ በእኛ ሰፈር አደራ ሰጪው አለመኖሩ ነው። አራቱን ቡችሎች የሰጠችኝ አስፋልት ላይ የሞተችው እናታቸው ካልሆነች በቀር ማንም የለም፤ ካቃተኝም የምመልስበት በር የለም።

በሩ ያለባቸው አገሮችም በአንድ ቀን አላገኙትም። በለንደን ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት በ1860 እ.ኤ.አ. ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ስትከፍት ጋዜጣ ተሳልቆባታል። በ1862 ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ለመጠለያው ጥሩ ቃል የሚናገር ጽሑፍ ወጣ። መጠለያው በ1871 ባተርሲ ወደሚባለው ቦታ ተዛወረ፤ ዛሬም እዚያው አለ። የአክስቴን ጥያቄ የለንደን ሰዎችም ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ጠይቀውታል ማለት ነው።

ሌላው በአደራ ጉዳይ ያስተማረኝ በአሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. የደረሰው ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። ብዙ የኒው ኦርሊንስ ነዋሪዎች ውሻቸውን ትተው አንሄድም በማለታቸው ከአደጋው ቀጣና ሳይወጡ ቀሩ፤ የወጡትም መጠለያው እንስሳ ስለማይቀበል ውሻቸውን ጥለው እንዲሄዱ ተደረጉ። ከጎርፉ የተረፉት እንስሳት በየክልሉ ተበትነው በሰው ቤት በአደራ አደጉ። ከወራት በኋላ አንዳንድ ባለቤቶች ውሻቸውን ፈልገው ሲመጡ አሳዳጊው “አሁንማ የእኔ ነው” አለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም ነበር። በ2006 የአሜሪካ ምክር ቤት የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የቤት እንስሳትንም እንዲያካትት የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እኔን የሳበኝ ግን ሕጉ ሳይሆን ክርክሩ ነው። ቤቱን በጎርፍ ያጣ ሰውና ውሻውን ስድስት ወር ያሳደገ ሰው ፊት ለፊት ሲቆሙ ሁለቱም እውነት አላቸው። አደራ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ካልተነገረ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ወደ ማገዶ ቤቱ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ከአራቱ አንዱ መብላት አቆመ። በአራተኛው ቀን አስመለሰው፤ ማታ ላይ ደም የተቀላቀለበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚታወቅ ተቅማጥ ጀመረው። ፓርቮ ነው። ይህ ቫይረስ የአንጀትን ሽፋን ያጠቃል፤ ቫይረሱን ራሱን የሚገድል በየፋርማሲው የሚገኝ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው የወጣውን ፈሳሽ መተካት፣ ማስመለሱን ማስቆምና የሌላ ባክቴሪያ ጥቃትን መከላከል ነው። አንድ ክሊኒክ ወስጄ ጉሉኮስ ተሰካለት። በማግስቱ ሞተ። ሁለተኛዋ በስድስተኛው ቀን ተከተለችው። እሷን ሌሊቱን ሙሉ በመርፌ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እየሰጠሁ ነው ያደርኩት፤ ቆዳዋን ስቆነጥጠው እንደ ድንኳን ቆሞ ይቀራል፣ ድዷ ይደርቃል። መጽሐፍ ላይ የድርቀት ምልክት ብለን የምንሸመድደው ነገር ነው።

ከየት መጣ? ከመታመማቸው ሦስት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ ስለመጡ ምናልባት ይዘውት መጥተዋል፤ በሽታው ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል። ነገር ግን በኋላ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ በዚያው ማገዶ ቤት በፋሲካ ሰሞን አንድ ቡችላ “በሆድ በሽታ” ሞቶ ነበር። የፓርቮ ቫይረስ መሬት ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሳሙና አይገድለውም፤ በረኪና ግን ይገድለዋል፤ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጦ፣ ወለሉን መጀመሪያ ከቆሻሻው አጽድቶ፣ አሥር ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። በአደራ የሚቀበል ሰው ቡችላውን ከማስገባቱ በፊት “እዚህ ግቢ ውሻ ሞቶ ያውቃል?” ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ አልጠየቅሁም።

የተረፉት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ስም ላለማውጣት ወስኜ ነበር፤ ስም ያወጡለትን መስጠት ይከብዳል ይባላል። የግቢው ልጆች ግን ወንዱን “መቻል”፣ ሴቷን “ቡቺ” ብለው ጨረሱት። የሆድ ትላትል መድኃኒት፣ የመዥገርና የቁንጫ ማስለቀቅ፣ የመጀመሪያው ክትባት በየተራ ሄደ። ስለ መዥገርና እከክ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን በግምት ቡችላ ላይ መውጋት የተለመደ ነው፣ መጠኑ በጥቂቱ ሲያልፍ ቡችላው ሲደነዝዝና ሲንዘፈዘፍ ይታያል። ሚዛን ሳይኖር መርፌ መያዝ የለብንም።

በምግብ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኛ አገር ለውሻ የሚሰጠው የወጥ ትርፍራፊ ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ቢሆን የተቁላላ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙ ላይ የሚታይ ጉዳት ያደርሳል። ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ቡችላ ይህ አንድ ሽንኩርት ገደማ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በዚያው ቀን አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ትደክማለች፣ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፤ ያኔ ማንም ወጡን አያስታውስም። አክስቴ ይህን ስነግራት “ውሻ ከጥንት ጀምሮ ወጥ ሲበላ ነው የኖረው” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ትልቅ ውሻ እንጀራ በጥቂት መረቅ በልቶ ምንም ላይሆን ይችላል። እኛ ግን የበላውን እንጂ የሞተውን አንቆጥርም። በመጨረሻ የተስማማነው ቁሌት ያልነካው እንጀራ፣ የተቀቀለ ድንችና ከልኳንዳ ቤት የሚገኝ ርካሽ ቁርጥራጭ ሥጋ ቀቅሎ በመቀላቀል ነው። የተቀቀለ አጥንት ስለሚሰነጣጠቅ አልሰጠናቸውም።

ሌላው የበዓል ጉዳይ ነው። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከተገኘ ይቆረጥና ለውሻ ይወረወራል። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ተውሳክ ሽል ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ይወጣል፤ በሣርና በውሃ ወደ በጉ ይመለሳል፤ በልጆች እጅ ደግሞ ወደ ሰው ጉበት ይገባል። ስለዚህ ያንን ከረጢት መቅበር ወይም ማቃጠል ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ሲባል የሚደረግ ነው። ለአክስቴ ጥያቄ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ሆነ፦ የውሻው ጤናና የልጆቹ ጤና በአንድ ግቢ ውስጥ አይነጣጠሉም። እሷ ግን አልረካችም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። በወር ያወጣሁትን ገንዘብ ሳስበው ዛሬም አንዳንዴ ያሳፍረኛል።

ግቢያችን ውስጥ ሙስሊም ጎረቤት አሉ፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት ስለማውቅ እሳቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ “የውሃ ጀሪካኔ ጋ እንዳይደርሱ ብቻ ጠብቂልኝ ልጄ” አሉኝ። ቀጥለውም ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሚናገረውን የነቢዩን ታሪክ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካኑ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የተቆጣው ሌላ ሰው ነው።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ቡቺ አሥራ አንድ ሳምንት ሲሆናት፣ የጎረቤታችን የስምንት ዓመት ልጅ እየበላች ሳለ ሳህኗን ሊወስድ እጁን ሰደደ። ነከሰችው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሁለት የጥርስ ምልክት፣ ጥቂት ደም። እሷ ግን የእብድ ውሻ ክትባት አልተከተበችም ነበር። ክትባቱ ሦስት ወር ሲሞላ ነው የሚሰጠው ብዬ እየጠበቅሁ ነበር፤ በዘመቻ ክትባት ግን ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎችም እንዲከተቡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክር ያነበብኩት በኋላ ነው።

አባትየው ማታ ሲገባ ሰማ። ዱላ ይዞ መጣ። አልፈርድበትም። ድርጅቱ እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሪቻርድ ፓንክረስት የአዲስ አበባን የ1903 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ መዝግበው አልፈዋል፤ ከተማችን ይህን ፍርሃት ከተቆረቆረች ጀምሮ ታውቀዋለች። ትልልቆቹ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን፣ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን የድሮውን ክትባት ያስታውሳሉ።

“ጋሼ፣ ከገደልካት አናውቅም” አልኩት። የምለው ይህን ነበር፦ የእብድ ውሻ ቫይረስ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ነው፤ ምልክቱ ከጀመረ ደግሞ ውሻው በቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰ ውሻ አሥር ቀን በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ገድሎ መጣል ይህን ማረጋገጫ ያጠፋል፤ ያኔ የሚቀረው አንጎሏን ለላቦራቶሪ መላክ ነው። ይህ ማለት ግን ልጁ አሥር ቀን ይጠብቅ ማለት አይደለም። ቁስሉን በዚያው ሰዓት በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ አጥበን ነበር፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጁ “በቃኝ” እያለ አለቀሰ። ማታውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ክትባቱ እዚያ አልነበረም፤ ወደ ሌላ ቦታ ተላክን፤ በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ወጪውን እኔ ቻልኩት፤ አክስቴ አበደረችኝ። ውሻው በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ የቀሩትን መርፌዎች ሊያስቆም ይችላል።

ቡቺን በማገዶ ቤቱ ዘጋሁባት። በእነዚያ ቀናት ክትባት አይሰጥም፤ ከክትባቱ የሚመጣ ትኩሳት ወይም ድካም ምልክት መስሎ ያደናግራል። አባትየው በየቀኑ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት በሩ ጋ ቆሞ ያያታል፤ አያናግረኝም። በሦስተኛው ቀን ብዙ አለከለከች፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሙቀት ሆኖ ነው። በስድስተኛው ቀን ምግቧን ተወች፤ አንዱ ልጅ በቀዳዳ ዳቦ ሲወረውርላት አድሮ ነው። እኔ በትምህርት ቤት “የአሥር ቀን ክትትል” የሚለውን ሐረግ ስጽፍ ስንት ጊዜ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። አሥረኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። አባትየው መጣ፣ አየ፣ “በይ እንግዲህ” ብሎኝ ሄደ።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ሐሳብ “ሁሉንም ማጥፋት” ነው። በሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጎ መጣል በከተማችን በየጊዜው ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ እንደሚለው ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን አያቆምም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መርዙ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ ቆሻሻውና ትርፍራፊው እስካለ ድረስ ባዶውን ቦታ ካልተከተቡ አዳዲስ ቡችሎች ይሞሉታል። በሽታውን የሚቆርጠው በአካባቢው ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብና ክትባቱን በየጊዜው ማደስ ነው። የባሌ ተራሮችን ቀይ ቀበሮዎች ያየን እንደሆነ ነገሩ ከሰፈር ይሰፋል። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጡ ትልልቅ ቀይ ቀበሮዎች የቀሩ ሲሆን በ1991 እና 92፣ በ2003 እና 04፣ በ2008 እና 09 እ.ኤ.አ. ከእረኞች ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ከባድ ጉዳት አድርሶባቸዋል።

አሁን ስለ መስጠት። እዚህ ላይ ነው ዋናው ስህተቴ። መቻልን የሰጠሁት ከንክሻው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መጀመሪያ ለጠየቀኝ ሰው ነው። መጋዘን እንዳለው፣ ጠባቂ ውሻ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ምንም አልጠየቅሁትም፤ አንድ አፍ ስለቀነሰልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማየት ስሄድ መቻል በሽቦ ታስሯል፤ የውሃው ቆርቆሮ ደርቋል፤ ሽቦው አንገቱን ፍቆት ዝንብ ወርሮታል። “መልስልኝ” ስለው “ሰጥተሽኛል እኮ” አለኝ። ልክ ነው፤ ሰጥቼዋለሁ፤ በአደራ አላልኩትም። ቁስሉን አጥቤ፣ ሰፋ ያለ የጨርቅ ማሰሪያ ገዝቼ ለወጥኩለትና ሄድኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ “ጠፋ” አለኝ። በአካባቢው ሁለት ቀን ፈለግሁ።

ከዚህ በኋላ ለቡቺ የመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። ማታ የት ታድራለች? ዝናብ ሲመጣስ? ቤት ውስጥ ከአሥር ዓመት በታች ልጅ አለ? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ፣ ከነበረስ ምን ሆነ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ያስረዳል፤ ሦስት ውሾቹ በተከታታይ “የጠፉበት” ሰው አራተኛዋንም ያጠፋታል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ያውቃል? አንዳንዱ በጥያቄው ተቆጥቶ ሄደ፤ “ለሴት ልጅ ሽምግልና እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም” ያለኝም አለ።

በመጨረሻ የወሰዷት ከሰፈራችን ወረድ ብሎ በሚሠራ ሕንፃ ላይ የሌሊት ጥበቃ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ለአንድ ሳምንት በሙከራ ወሰዷት፤ እኔም በየማታው ብቅ እል ነበር። በመጠለያዎች ዘንድ “ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር” የሚባል ልማድ አለ፤ ለመረጋጋት፣ ለመልመድ፣ ቤቴ ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። ሳይንስ አይደለም፤ እንደ ግምት ግን አይከፋም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሲሚንቶው ክምር ሥር አልወጣም አለች። ጋሼ አላስገደዷትም፤ አጠገቡ በርጩማ አስቀምጠው ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። በአራተኛው ቀን እግራቸው ሥር ተኛች።

በአንድ ወረቀት ላይ ተስማማን። መያዝ ካልቻሉ ለሌላ ሳይሰጡ ለእኔ እንደሚመልሱ፣ እኔ ደግሞ ክትባቷን እንደማስከትብና ስድስት ወር ሲሞላት እንዳትወልድ እንደማስመክናት ተጻፈ። ሴት ውሻ ከስድስት ወር ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች፤ እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ሌላ አራት ቡችላ ቦይ ውስጥ ማየት አልፈለግሁም። ጋሼ ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው፤ “አደራ” የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ኦፕሬሽኑ የተደረገው በታኅሣሥ ለእረፍት ስመለስ ነው፤ ስፌቱ በጥሩ ሁኔታ ዳነ። በፋሲካ ደግሞ ለጋሼ ትንሽ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። መሽቶ ነበር፤ በቆርቆሮው አጥር በኩል ስጠጋ ቡቺ ጥርሷን አሳይታ ጮኸችብኝ። ድምፄን ስታውቅ ዝም አለች፤ ጭራዋን ቆላች፤ ከበሩ ግን አልተነሳችም፤ ዞር ብላ ጋሼን አየቻቸው። “ግቢ፣ ግቢ፣ ውሻ በበላበት ነው የሚጮኸው” አሉኝ እየሳቁ።